አገጩ ስር ያበጠ ውሻ ሲመጣላችሁ ቢላ አታንሱ

ልጆች እንዴት ናችሁ። ሀረማያ እንስሳት ህክምና የምትማሩም ጨርሳችሁ ድሬና ሐረር ሥራ የጀመራችሁም "ጋሼ ይሄ ምንድነው" እያላችሁ ፎቶ ትልኩልኛላችሁ፣ ደስ ይለኛል፣ ጡረታ የወጣ ሰው ሌላ ምን ሥራ አለው አቦ። ሰሞኑን ግን አንድ አይነት ነገር በዛብኝ፣ "እብጠቱን ቀደድነው፣ ፈሰሰ፣ በሁለት ሳምንት ተመልሶ መጣ" የሚል። ይሄን ጥፋት እኔም ሰርቼዋለሁና ልንገራችሁ።

ከደብረ ዘይት ተመርቄ ድሬ ስመደብ ራሴን እንደ ትልቅ ሐኪም ነበር የማየው። አንድ ቀን ጠዋት ከከዚራ በኩል አንዲት እናት ቡቺ የሚባል ውሻቸውን በጋሪ ጭነው መጡ፣ ግቢ ጠባቂ ነው፣ ቀን ቀን በሲባጎ ታስሮ ነው የሚውለው። አገጩ ስር ብርቱካን የሚያክል እብጠት አለው። ስዳስሰው ለስላሳ ነው፣ ውሃ እንደያዘ ፌስታል እጄ ላይ ይዋዥቃል፣ አይሞቅም፣ ውሻውም ዝም ብሎ ያየኛል። እዛ ጋ ነበር ቆም ማለት የነበረብኝ፣ መግል የቋጠረ እብጠት እንዲህ ተጨምቆ ዝም የሚል ውሻ የታለ? እኔ ግን "መግል ነው እማማ" ብዬ ቀደድኩት።

የወጣው መግል አልነበረም። ፈዘዝ ያለ ቢጫ፣ ትንሽ ደም የነካካው፣ ሽታ የሌለው ዝልግልግ ነገር ነው፣ በጓንቴ ሁለት ጣት መሀል ይዤ ስከፍተው ሳይበጠስ ተሳበ፣ ተልባ ተዘፍዝፎ ሲያድር እንደሚሆነው በሉት። አየሁት፣ ገረመኝ፣ ጠረግኩት፣ አንቲባዮቲክ ወጋሁና ሸኘኋቸው። ተመለሱ። በመርፌ ቀዳሁለት፣ ተመለሱ። በአራተኛው ሲመጡ ቦታው ቀልቷል፣ ይሞቃል፣ ቡቺ ገና እጄን ሲያይ ያጉረመርማል፣ ምክንያቱም በዛ ሁሉ መውጋትና መቅደድ ኢንፌክሽኑን ያስገባሁለት እኔው ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሻ አራት ጥንድ ዋና የምራቅ እጢ አለው፣ ጆሮ ስር፣ መንጋጋ ስር፣ ምላስ ስር፣ እና አይን ስር ጉንጭ አጥንቱ ጋ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የምላስ ስሩ ነው፣ እጢው ወይ ቱቦው ይቀደድና ምራቁ አፍ ውስጥ መግባቱ ቀርቶ ቆዳ ስር ይጠራቀማል፣ ሰውነት ደሞ እንደ ባዕድ ነገር ቆጥሮት ዙሪያውን ግድግዳ ይሰራበታል። ስሙ ሲያሎሲል ነው። ሲስት (ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት) ይሉታል፣ ግን ያ ግድግዳ ከውስጥ የራሱ ሽፋን ስለሌለው እውነተኛ ሲስት አይደለም። ስለዚ እኔ ስሰራ የነበረው ያፈሰሰ ቧንቧ ስር ያለውን ባልዲ መድፋት ነው። መነሻው ብዙ ጊዜ አይታወቅም፣ አንዳንዴ ገመድ አንገቱን ሲያንቀው፣ አንዳንዴ ስለታም አጥንት አፉን ሲወጋው፣ ሐረር ደሞ ከጅብ ጋር ተናክሶ ሊሆን ይችላል። ጀርመን ሼፐርድና ፑድል ላይ ይበዛል ይባላል፣ የኛው ያገር ውሻም ግን አይቀርለትም።

ምላስ ስር ከተጠራቀመ ራኑላ ይባላል፣ ውሻው መብላት ይቸግረዋል፣ ደም የቀላቀለ ለሃጭ ይዝረበረባል። እንዲህ ያለ ውሻ መጋላ ውስጥ ከታየ "አብዷል" ተብሎ ድንጋይ ይነሳበታል፣ እኔ ሰፈርተኛውን አልፈርድበትም፣ ያገራችን የእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ አይደለም፣ በምራቅ ነው የሚተላለፈው። አፉን ከመክፈታችሁ በፊት ክትባቱን ጠይቁ፣ ሰው ነክሶ ያውቃል ወይ፣ ጠባዩ ተለውጧል ወይ በሉ፣ እናንተም አስቀድማችሁ ተከተቡ። ድንገት ከተነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ታጥባችሁ በዛው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ ነገ አትበሉ። ጉሮሮ ውስጥ ያበጠበት ደሞ ትንፋሹ ሊዘጋ ስለሚችል ወረፋ አይጠብቅም።

ቡቺን ያዳነው አንድ ሽማግሌ ባልደረባዬ ነው። እብጠቱ መሀል አንገት ላይ ስለነበር የግራ ይሁን የቀኝ እኔ ግራ ገብቶኛል፣ እሱ ምንም ሳይል ውሻውን በጀርባው አስተኛውና ጠበቀ፣ እብጠቱ ቀስ እያለ ወደ ግራ አዘነበለ። "በዚህ ነው" አለኝ፣ በቃ። ኢንፌክሽኑ እስኪበርድ ታገስንና በማደንዘዣ ኦፕራሲዮን አደረግነው። የመንጋጋውና የምላስ ስሩ እጢ ባንድ ሽፋን ስለተያያዙ ሁለቱም አብረው ነው የሚወጡት፣ ከምላስ ስሩ ቁራጭ ከቀረ ወይ ጎኑን ከተሳሳታችሁ እብጠቱ ይመለሳል። ትልልቅ ደም ስር አጠገቡ ነው፣ ወደ ውስጥ ስትገቡ የምላስ ነርቮች አሉ፣ ስለዚ መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው ሲሰራ እዩ። የተጠራቀመውን አፍስሰን ለጥቂት ቀን ማፍሰሻ ላስቲክ ተውንለት። ሁሉም እብጠት ግን ይሄ እንዳይመስላችሁ፣ ንፍፊትም ዕጢም (ቱመር ማለቴ ነው፣ የምራቁን እጢ አይደለም) እዛው ቦታ ይወጣል፣ ቢላ ከማንሳታችሁ በፊት በቀጭን መርፌ በንጽህና ቀድታችሁ እዩት፣ እንደ ተልባ ከተሳበ ሌላ ነገር መጠርጠር ይቀንሳል።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት ለሴትየዋ "እማማ ተሳስቼ ነበር፣ መጀመሪያውኑ መቅደድ አልነበረብኝም" አልኳቸው፣ አፌ ላይ እንዴት እንደከበደኝ። እሳቸው ግን የጨነቃቸው ሌላ ነው፣ "እጢውን ስታወጡት አፉ አይደርቅም ወይ ልጄ?" አሉኝ። ሌሎቹ እጢዎች ይበቁታል ብላቸውም አላመኑኝም። ስፌቱን ላወጣ ቤታቸው ስሄድ ምሳ ሰዓት ነበር፣ ቡቺ ሲባጎው ቀርቶለት በሰፊ የጨርቅ ማሰሪያ በደረቱ ታስሯል፣ ሴትየዋ ጎረድ ጎረድ ያለ ሥጋ ከፍ አድርገው አሳዩት። ለሃጩ እስከ ሲሚንቶው ወረደ። "አየህ፣ አለው!" ብለው ሳቁ።