ጥፋቱ የቢጫዋ ገመድ ነው

በዚህ እትም ከጎንደር የደረሱንን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርገናቸዋል። የሁሉም ብሶት ተቀራራቢ ነው፤ የድሮ መጫወቻ ፍላት ቲቪ ላይ ሲሰካ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ድምፁም ይረበሻል።

ፕሌይስቴሽን 2 በድሮው ቴሌቪዥን ጥርት ብሎ ይታይ ነበር። ባለ 32 ኢንች ፍላት ከገዛሁ ወዲህ ግን የተጫዋቾቹ ስም አይነበብም፤ ቀይ ማሊያ ሳሩ ላይ ይፈስሳል። ባለሱቁ «ጫፉ ወርቅ የተቀባውን ገመድ ውሰድ» ይለኛል። ልውሰድ? (ከማራኪ)

አይውሰዱ። ወርቁ ጫፉን ከዝገት ይጠብቃል እንጂ ምስል አያጠራም። ገመዱ የሚሸከመው የሲግናል ዓይነት ካልተቀየረ፣ ዋጋው አሥር እጥፍ ቢሆንም የሚያዩት ያንኑ ነው።

ጥፋቱ ያለው ከነጭና ቀይ የድምፅ ገመዶች ጋር የምትሰካው የምስሏ ቢጫ ገመድ ላይ ነው፤ ብርሃኑንና ቀለሙን ደባልቃ በአንድ ሽቦ ትልካለች። ፓል በሚባለው የቴሌቪዥን ቀለም ሥርዓት ቀለሙ 4.43 ሜጋኸርዝ ላይ ይጫናል፤ እንደ ፊደል ያሉ ቀጫጭን መስመሮችም እዚያው አካባቢ ይወድቃሉ። ቴሌቪዥኑ ሁለቱን መልሶ ሊለያይ ሲሞክር ይሳሳታል፤ የፊደሉን ጠርዝ ቀለም ነው ብሎ ያነበዋል፣ ቀለሙንም ወደ ጎረቤቱ ያፈስሰዋል። የድሮው ቴሌቪዥን ራሱ ለስለስ ያለ ስለነበር ጉድለቱን ይሸፍነው ነበር። ፍላቱ ግን እያጎላ ያሳያል።

መፍትሔው ኮምፖነንት የሚባለው ገመድ ነው። አምስት ጫፍ አለው፤ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ ለምስል፣ ነጭና ሌላ ቀይ ለድምፅ። ሁለቱ ቀዮች ብዙ ሰው ያሳስታሉ፤ የምስሉ ቀይ ከአረንጓዴውና ከሰማያዊው ጋር ተያይዞ የመጣው ነው። ለፕሌይስቴሽን 3 የተሠራው ኮምፖነንት ገመድም ለ2 ይሆናል፣ የኋላ ቀዳዳቸው አንድ ዓይነት ነው። ገበያ ሲወጡ ሁለቱንም ይጠይቁ። ከመግዛትዎ በፊት ግን የቴሌቪዥንዎን ጀርባ ይመልከቱ፤ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ ቀዳዳ ከሌለው ይህ ገመድ አይረዳዎትም፣ ቀጣዩን መልስ ያንብቡ።

አሰካኩ ቅደም ተከተል አለው። ቢጫዋ እንደተሰካች መጫወቻውን ያለ ሲዲ ያብሩ፤ «ሲስተም ኮንፊገሬሽን» ውስጥ ገብተው «ኮምፖነንት ቪዲዮ አውት» የሚለውን ከአርጂቢ አውጥተው በዋይ ወደሚጀምረው ምርጫ ይቀይሩ። ከዚያ ያጥፉና ገመዱን ይለውጡ። ይህን ሳያደርጉ ከሰኩት ምስሉ አረንጓዴ ለብሶ ይመጣል ወይም ጨርሶ አይመጣም፤ ሰውም ገመዱ ተበላሽቷል ብሎ ለባለሱቁ ይመልሰዋል። ገመዱ ምንም አልሆነም።

አንዳንድ ጌሞች ሲጀምሩ ትሪያንግልና ኤክስን አብረው ተጭነው ከያዙ 480ፒ (480 መስመር በአንዴ የሚሳልበት ጠራ ያለ ምስል) ልምረጥ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። የአሜሪካው የጎድ ኦፍ ዋር ቅጂ 480ፒ ካላቸው አንዱ ነው፤ በአውሮፓ ቅጂዎች ግን ይህ ምርጫ ብዙ ጊዜ ተቀንሷል። ካገኙት ልዩነቱ ከገመዱ ልዩነት አያንስም። ካላገኙት ደግሞ በቴሌቪዥኑ ሜኑ «ጌም ሞድ»ን ያብሩ፣ ጆይስቲክ ተጭነው ተጫዋቹ እስኪመታ ያለው መዘግየት ይቀንሳል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የፕሌይስቴሽን 1 ሲዲ በዚሁ ገመድ ሲያጫውቱ ምስሉ ድንገት ሊጠፋ ይችላል። የዚያ ዘመን ጌም በ240ፒ፣ ማለትም በ240 መስመር ምስል ስለሚወጣ ብዙ ፍላቶች በኮምፖነንት አይቀበሉትም። ለእነዚያ ቢጫዋን አይጣሏት። ራሱ ፕሌይስቴሽን 1 ደግሞ ኮምፖነንት የለውም፤ ኤስቪዲዮ ወይም አርጂቢ ስካርት የሚባለው የምስል ገመድ ነው ጣሪያው።

አንድ ጫፉ ኤችዲኤምአይ፣ ሌላው ጫፉ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ የሆነ ገመድ ገዝቼ ምንም አይታይም። (ከአዘዞ)

አይታይምም። መጫወቻው የሚያወጣው አናሎግ ሲግናል ነው፤ ኤችዲኤምአይ የሚቀበለው ዲጂታል። በመካከል የሚተረጉም ቺፕ የሌለው ባዶ ሽቦ ያንን ሊሠራ አይችልም።

የሚያስፈልገው ትንሿ የኮንቨርተር ሳጥን ናት። ሁለት ዓይነት አሉ፣ መልካቸው መንታ ነው፤ አንዷ ከኤቪ (ከቢጫ፣ ነጭና ቀይ) ወደ ኤችዲኤምአይ፣ ሌላዋ በተቃራኒው። ላይዋ ላይ ያለውን ቀስት ሳያዩ አይክፈሉ። 5 ቮልት ትፈልጋለች፤ ምስሉ ብልጭ ድርግም ካለ ከቴሌቪዥኑ ዩኤስቢ ነቅለው የስልክ ቻርጀር ላይ ይሰኩት። ጎኗ ላይ ያለችው 720 እና 1080 የሚል ማብሪያ ምስሉን ታሰፋዋለች እንጂ አታጠራውም። ደግሞም የምትቀበለው ያችኑ ቢጫ ገመድ ስለሆነ የቀለሙ መፍሰስ እንዳለ ይቀጥላል።

ስለዚህ ለፕሌይስቴሽን 2 የተሻለው በቀጥታ ከኋላ የሚሰካው ኤችዲኤምአይ አዳፕተር ነው፤ ውስጡን የሚጠቀመው ኮምፖነንቱን ነው። ከላይ የጻፍነውን የሜኑ ለውጥ እሱም ይፈልጋል። ምስሉ ወደ ጎን ተወጥሮ ሰዎቹ ከወፈሩ የቴሌቪዥኑን መጠን ወደ 4፡3 ይመልሱ።

የእኔ ፍላት ለኤቪ ያለው አንድ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ብቻ ነው። የስልክ ዓይነት ጃክ ያለው ገመድ ገዛሁ፤ ድምፁ ይጮኻል፣ ምስል የለም። (ከፒያሳ)

ጃኩ ላይ ሦስት ጥቁር ቀለበት መኖሩን ይቁጠሩ፤ ሁለት ብቻ ከሆነ የጆሮ ማዳመጫ ገመድ ነው፣ ምስል አያሳልፍም። ሦስት ከሆነ የሽቦዎቹ አቀማመጥ ከቴሌቪዥኑ ጋር አልገጠመም ማለት ነው፤ ፋብሪካዎች አንድ ዓይነት አያደርጉትም። ቢጫውን ከቀዩ፣ ካልሆነም ከነጩ ጋር አቀያይረው ይሞክሩ። የምድር ሽቦው ቦታ ራሱ ከተለየ ግን ማቀያየር አይፈታውም፤ ከቴሌቪዥኑ ጋር የመጣውን ወይም ለዚያው ሞዴል የተሠራውን ገመድ መፈለግ ግድ ነው።

ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣልኝ ፕሌይስቴሽን በጥቁርና ነጭ ብቻ ይታያል። (ከአራዳ)

ከቀለሙ በፊት ኤሌክትሪኩን እንይ። ጀርባው ላይ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ በእኛ 220 ላይ በቀጥታ መሰካት ማቃጠል ነው፤ 100 ዋትና ከዚያ በላይ የሚሸከም መቀነሻ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። አዳፕተሩ ከውጭ የሆነው ቀጭኑ ሞዴል ከሆነ አዳፕተሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ፤ ከ100 እስከ 240 ካለ ችግር የለም። ካላለ ግን መለወጥ ያለበት አዳፕተሩ ብቻ ነው፤ 8.5 ቮልት የሚሰጥና አምፔሩ ከዋናው የማያንስ ይፈልጉ።

ወደ ቀለሙ ስንመጣ፣ የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ ቀለሙን 3.58 ሜጋኸርዝ ላይ ነው የሚጭነው። ፓል ብቻ የሚያውቅ ቴሌቪዥን እዚያ ቦታ ስለማይፈልገው ብርሃኑን ብቻ ያሳያል። በሜኑው «ከለር ሲስተም» የሚለውን «ኦቶ» ላይ ያድርጉት። ይህ ምርጫ ከሌለ፣ ቀለሙ በራሱ ሽቦ የሚመጣበት ኮምፖነንት ከነጭራሹ ከዚህ ጣጣ ያወጣዎታል። ቴሌቪዥንዎ ፍላት ከሆነ ደግሞ አንድ ቀላል ነገር ይፈትሹ፤ በብዙ ሞዴሎች ቢጫውና አረንጓዴው አንድ ቀዳዳ ይጋራሉ። ቢጫዋን ሰክተው «ኮምፖነንት» ከመረጡ የትም አገር መጫወቻ ጥቁርና ነጭ ይሆናል። «ኤቪ»ን ይምረጡ።

ጃንተከል አካባቢ ፕሌይስቴሽን ቤት አለኝ። ድምፁን በጂፓስ ስለቀው እምምም የሚል ድምፅ አለ፤ ደንበኛ ይሰለቸዋል። ገመዱንስ እስከ ጥግ ድረስ በዲሽ ሽቦ ማስረዘም ይቻላል?

ድምፁ ሁለት ዓይነት ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ይለዩት። ስክሪኑ ነጭ ሲሆን የሚጨምር፣ ጥቁር ሲሆን የሚቀንስ ከሆነ ምስሉ ወደ ድምፅ ሽቦ እየፈሰሰ ነው። ርካሽ ገመዶች ውስጥ ሽቦዎቹ የየራሳቸው መከላከያ ሳይኖራቸው ስለሚታሸጉ ነው፤ ሽቦው በየራሱ የተሸፈነ፣ ወፈር ያለ ገመድ ይለውጡ።

ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ከሆነ ግን የምድር ሽቦ ዙር ነው፤ ዕቃዎቹ ከምድር ጋር በተለያየ መንገድ ሲገናኙ የሚፈጠር ዑደት ማለት ነው። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የዲሹን ሽቦ ይንቀሉ፤ እምምታው ከጠፋ ጥፋተኛው ተገኘ። ሁሉንም ዕቃ አንድ ዲቫይደር ላይ ይሰኩ፤ ካልበቃ በድምፁ መስመር ላይ አይሶሌተር የሚባለውን ትንሽ ትራንስፎርመር ያስገቡ። የጂፓሱን ሦስተኛ የሶኬት እግር መስበር ድምፁን ሊያጠፋው ይችላል፤ ሰውንም ሊገድል ይችላል፣ አያድርጉት። ቴሌቪዥኑ ነጭ ቀዳዳ ብቻ ካለው ደግሞ የጌሙን ድምፅ በሜኑ «ሞኖ» ያድርጉት፤ አለዚያ በቀኝ በኩል የሚመጣው ድምፅ ሁሉ ይቀራል።

የዲሽ ሽቦ ለምስል ይሆናል፤ እንዲያውም ጥሩ ሐሳብ ነው። አርጂ 6 የሚባለው 75 ኦም ነው፣ የቪዲዮ ቀዳዳም የሚፈልገው 75 ኦም። ነገር ግን ሊበይዱት አይሞክሩ፤ የብዙዎቹ መሃሉን የሚከብበው መረብ አልሙኒየም ስለሆነ ሊድ አይዝም። ጫፉን በተለመደው የዲሽ ጃክ አስረው ከዲሽ ጃክ ወደ አርሲኤ (እንደ ቢጫዋ ገመድ ጫፍ ያለው) የሚቀይረውን ትንሽ አዳፕተር ይግጠሙበት። ከመስካትዎ በፊት በቴስተር ይለኩ፤ መሃል ከመሃል መጮኽ አለበት፣ መሃል ከመረቡ ግን ከጮኸ አንዲት የመረብ ክር ጃኩ ውስጥ ገብታ መሃሉን ነክታለች። ለኮምፖነንት ሦስት እኩል ርዝመት ያላቸው ሽቦዎች ይቁረጡ፤ ለድምፁ ማንኛውም መከላከያ ያለው ገመድ ይበቃል። ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር ጎን ለጎን አያስኪዱት፣ መሻገር ካለበት በመስቀል ይሻገር። የዲሽ ሽቦ ደረቅ ስለሆነ የመጫወቻውን ቀዳዳ እየጎተተ ያላላዋል፤ መጨረሻዋን 30 ሴንቲ ሜትር በለስላሳ ገመድ ይጨርሱና ወፍራሙን ከጠረጴዛው እግር ጋር ይሰሩት።