«አስመስላለሁ፤ እሱም ያምነኛል»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። የምኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር አካባቢ ነው። ከተጋባን ሦስት ዓመት አልፎናል፤ ባለቤቴ ደግ ሰው ነው። ግንኙነት ስናደርግ ግን እሱ ይረካል፣ እኔ አስመስላለሁ። እርካታ ምን እንደሆነ ለብቻዬ ስሆን አውቀዋለሁ፤ ይህንንም ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በልጅነቴ ተገርዣለሁ፤ ችግሩ እሱ ይሆን? ባለቤቴ ደግሞ እንደጨረሰ እንቅልፍ ይወስደዋል። ፍቅሩ ቀንሶ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ለማንም ያልነገርሽውን ስለጻፍሽልኝ አመሰግናለሁ። በአዋላጅነት ሥራዬ ሴቶች ይህንን ጉዳይ የሚያነሱልኝ ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ሊወጡ በር ላይ ቆመው፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ነው።

ለብቻሽ ስትሆኚ የምትረኪ ከሆነ ሰውነትሽ ጤነኛ ነው። ከባለቤትሽ ጋር ሲሆን የጠፋው ሰውነትሽ የለመደው ንክኪ ነው። አብዛኞቹ ሴቶች የወንድ ብልት ወደ ውስጥ በመግባቱ ብቻ አይረኩም፤ ዋናው የስሜት ቦታ ከብልት መግቢያ ከፍ ብሎ ያለው ቂንጥር ነውና። ቂንጥርና የወንድ ብልት በጽንስ ጊዜ ከአንድ ዓይነት ሥጋ ይበቅላሉ። ከውጭ የሚታየው ጫፉ ብቻ ነው፤ ቀሪው በብልት ግራና ቀኝ ተከፍሎ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። አውስትራሊያዊቷ ሐኪም ሔለን ኦኮነል ይህንን በዝርዝር ያሳየችው ገና በ1998 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ግርዛት የቆረጠውን ያህል ስሜትን ሊጎዳ ይችላል፤ በደሉን አላቃልለውም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው የአገራችን ሴቶች 65 በመቶው ተገርዘዋል። ሆኖም የውስጡ አካል በአብዛኛው ስለሚተርፍ ከተገረዙት መካከል የሚረኩ ብዙ ናቸው፤ አንቺ ራስሽ ምስክር ነሽ።

ማስመሰሉን ግን ተይው። ባስመሰልሽ ቁጥር ባለቤትሽ ያገኘው እየመሰለው ያንኑ ይደግማል። «እስከዛሬ ዋሽቼህ ነበር» ብለሽ መጀመር የለብሽም፤ እኔ አልመክርሽም። «እንዲህ ስትነካኝ ደስ ይለኛል» በዪው፤ ያውም ማታ አልጋ ላይ ሳይሆን ቀን፣ ሐይቁ ዳር በእግር ስትሄዱ። ጎን ለጎን እየሄዱ ማውራት ለዓይናፋር ሰው ይቀላል። ማታ ደግሞ እጁን ይዘሽ ቦታውን አሳዪው። ልትረኪ ስትቃረቢ ፍጥነቱን እንዳይቀይር ንገሪው፤ ብዙ ወንዶች ሚስታቸው ስትቃትት የሚያፈጥኑት ይረዳታል ብለው ነው።

ስትረኪ ልብሽ ይመታል፣ በብልትሽ ዙሪያ ያሉት ጡንቻዎች ከ1 ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ደጋግመው ይኮማተራሉ። በእሱም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ወንድ ዘሩን ካፈሰሰ በኋላ ሰውነቱ ለጊዜው እንደገና አይነሳሳም፤ ለወጣት ደቂቃዎች፣ ዕድሜው ለገፋ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። ብዙዎችን ያኔ እንቅልፍ ይጥላቸዋል፤ ከፍቅር መቀነስ ጋር አይገናኝም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ቀይሩት፦ መጀመሪያ አንቺ በእጁ ርኪ፣ ከዚያ እሱ ይግባ።

ሲገባ የሚያምሽ ወይም የሚያቃጥልሽ ከሆነ ግን የግርዛቱ ጠባሳ ሊሆን ስለሚችል የማህፀን ሐኪም ይይሽ። ለድብርት የሚሰጥ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነም ለሐኪሙ ንገሪው፤ አንዳንዶቹ እርካታን ያዘገያሉ።