መልስ፦ «ሃይ» የተባለው ፑል ለምን ተንቀራፈፈ?

ወንድሜ፣ 20ዎቹን የሥራ ቨርቹዋል ማሽኖች (ሰርቨር ላይ በሶፍትዌር የሚሠሩ ኮምፒውተሮች) «ሃይ» (ከፍተኛ) ሪሶርስ ፑል (ሲፒዩና ሚሞሪ በጋራ የሚካፈሉ ማሽኖች ቡድን)፣ 2ቱን የሙከራ ደግሞ «ሎው» (ዝቅተኛ) ውስጥ አስገብተህ ሳለ የሙከራዎቹ ለምን እንደፈጠኑ ጠይቀሃል። ነገሩ ያለው ክፍፍሉ ላይ ነው። በቪኤምዌር ቪስፊር (ቨርቹዋል ማሽኖችን በሚያስተዳድረው ሶፍትዌር) የሃይ ፑል የሲፒዩ ሼር (የድርሻ ቁጥር) 8000፣ የሎው 2000 ነው። ሲፒዩ ሲጠብ መጀመሪያ የሚካፈሉት ፑሎቹ ናቸው። ማሽኖቹ እኩል ከሆኑ 8000ው ለ20 ሲከፈል ለእያንዳንዱ 400 ይደርሰዋል፤ 2000ው ለ2 ሲከፈል ግን 1000! እኔም በዚህ ብዙ ተቃጥያለሁ።

ፑልን እንደ ፎልደር አትጠቀምበት፤ ለማደራጀት ፎልደር አለልህ። ቪስፊር 7 ወይም ከዚያ በላይ ካለህ «ስኬለብል ሼርስ»ን አብራው፤ የፑሉ ድርሻ ውስጡ ካሉት ማሽኖች ጋር አብሮ ያድጋል። ከሌለህ ሼሩን ራስህ አስላው፤ ማሽን በጨመርክ ቁጥር ደግሞ እንደገና። ሚሞሪ ላይ ግን እባክህ ሊሚት (የአጠቃቀም ጣሪያ) አትጣል፤ ሰርቨሩ ላይ ራም ተርፎ እያለ ማሽኑ ወደ ዲስክ ስዋፕ ሊያደርግ (ሚሞሪውን ወደ ዝግተኛው ዲስክ ሊያዛውር) ይችላል።