መልስ፦ እምነበረድ ላይ የፈሰሰ ቡና በሎሚ ታሽቶ ነጭ ሆኖ ለቀረባት

ነጩ ቆሻሻ አይደለም፣ ሎሚው ድንጋዩን በልቶት ነው። እምነበረድ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ አሲድ ሲነካው ላዩ ይሟሟል፣ ስለዚህ በሳሙና ብታሺው ብታሺው አይለቅም፣ የሚመልሰው ፖሊሽ ነው። ትንሽ ቦታ ከሆነ የእምነበረድ ፖሊሽ ፓውደር በእርጥብ ጨርቅ አድርገሽ እሺው፣ በጣትሽ ስትነኪው ከሻከረሽ ግን አትድከሚ ባለ ማሽን ጥሪ።

መሀሉ ላይ ቀረ ላልሽው የቡና ቡኒ ደሞ

1. ከፋርማሲ 3% ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ከሱቅ ቤኪንግ ሶዳ ግዢ። ቤኪንግ ፓውደር እንዳይሰጡሽ፣ እሱ አሲድ አለበት።
2. እንደ ወፍራም ሊጥ ለውሰሽ ቦታው ላይ ለጥፊው፣ በፌስታል ሸፍነሽ ዳር ዳሩን በፕላስተር ያዢውና እስከ ነገ ተይው።
3. ፌስታሉን አንሺና እስኪደርቅ ጠብቂ፣ ከዛ በፕላስቲክ ነገር ጠርገሽ በውሃ አጥቢው። ካልለቀቀ ድገሚ።

ድንጋዩ ጥቁር ከሆነ መጀመሪያ ጥግ ላይ ሞክሪው፣ ሊያነጣው ይችላል።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ፣ ሲለር (ድንጋዩ እንዳይጠጣ ላዩ ላይ የሚቀባው መከላከያ) ከተቀባ ምንም አይነካውም የሚሉሽን አትመኚ። እኔ ሲለር በተቀባ ወለል ላይ ሎሚ ሲበላ አይቻለሁ፣ ሲለር ቡናና ዘይት ቶሎ እንዳይሰርግ ጊዜ ይሰጥሻል እንጂ አሲድ አያቆምም። ጠብታ ውሃ አድርጊና እዪ፣ ድንጋዩ ጠጥቶት ከጠቆረ ሲለር የሚቀባበት ጊዜ ደርሷል። በዚህ በጅማ ዝናብ ቀዩ ጭቃ ደርቆ አሸዋው ስለሚጭር ደሞ ከመወልወልሽ በፊት በለስላሳ መጥረጊያ ጥረጊው፣ መወልወያውም ለብ ያለ ውሃና ትንሽ የዕቃ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃዋል፣ በረኪናውን ለሽንት ቤት ተይው።