«አላገኘሁም» ማለት ጥፋተኛን መሸፈን ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምሠራው ንብረት ቆጠራ ላይ ነው። ከመጋዘን 14 ኬሻ ስኳር ጎደለ። አለቃዬ «ስቶር ኪፐሩ ሰርቋል ብለሽ ፈርሚ» ይለኛል። እውነቱን ልናገር፣ እኔም እጠረጥረዋለሁ። ሲወስድ ግን አላየሁም። ብፈርም ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኅቴ። አዎ፣ ይሆንብሻል። ጥርጣሬሽ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ምስክርነት ግን አይደለም። ያላየነውን አየን ማለትም በሐሰት መመስከር ነው።

የስዊድናዊውን ዲፕሎማት የሃንስ ብሊክስን ነገር ላንሣልሽ። በ2002 እ.ኤ.አ. ኢራቅ የገቡትን የተባበሩት መንግሥታት የጦር መሣሪያ መርማሪዎች ይመሩ ነበር። ሳዳም የደበቀው ነገር ሳይኖር አይቀርም ብለው እሳቸውም በልባቸው ይጠረጥሩ ነበር። የአሜሪካ ጦር ደግሞ ድንበር ላይ ተሰልፎ ይጠብቃል። ሰዎቻቸው ከ300 በላይ ቦታዎች ፈተሹ። ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2003 ጸጥታው ምክር ቤት ፊት ቀርበው፣ 1,000 ቶን ያህል የኬሚካል መርዝ የት እንደገባ አለመታወቁን ተናገሩ። አልሸሸጉም። ግን ከዚህ ተነሥቶ «መርዙ አለ» ወደሚል ድምዳሜ መዝለል አይገባም አሉ።

ያንቺም ጉዳይ ይኸው ነው። ጎደለ ሌላ፣ ሰረቀ ሌላ።

ብሊክስ ጥቂት ወራት ይሰጠን አሉ። አልተሰጣቸውም። በዚያው ማርች ባግዳድ ላይ ቦምብ ወረደ። የእኛም አገር ወረራውን በደገፉት ዝርዝር ውስጥ ነበረች፤ ይህን ሳስብ ያመኛል። በኋላ አሜሪካኖቹ ራሳቸው ቢፈልጉ፣ ቢፈልጉ ያን ክምችት አጡት። ብሊክስም በ2010 ለእንግሊዝ አጣሪ ኮሚቴ ጦርነቱ ሕገ ወጥ ነበር ብለው መሰከሩ።

የሰዶም ጩኸት በበዛ ጊዜ እግዚአብሔር ምን አለ? ወርጄ አያለሁ አለ (ዘፍ. 18፥21)። ሁሉን የሚያውቅ አምላክ እንዲህ ያለው፣ ሳንመረምር እንዳንፈርድ ሊያስተምረን ነው።

ስለዚህ የቆጠርሽውን ጻፊ። በሞዴል 19 ስንት ገባ፣ በሞዴል 22 ስንት ወጣ፣ ስንት ጎደለ። «ማን እንደወሰደው አላረጋገጥሁም» በዪና ከሥሩ ፈርሚ። አለቃሽ ይቆጣ ይሆናል። ፍርሃቱ ከበረታብሽ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፣ በጸሎት ያግዙሻል።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። በጥያቄሽ ውስጥ የስቶር ኪፐሩ ቃል የለም። ነገ ጠዋት ቢሮ ከመግባትሽ በፊት መጋዘን ውረጂና እሱን ራሱን ጠይቂው።