ሰው ለባንክ አምጥቶ መሸለም፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ባንኮች «አዲስ ደንበኛ ላመጣ ሽልማት አለ» ካሉ ወዲህ ደሴ ላይ ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ ወሬው እሱ ሆኗል። ባንክ ውስጥ ሕግና መመሪያ መከበሩን የሚከታተል ክፍል ስለምሠራ «ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። እነሆ መልሱ።

«አክስቴ ባቲ ናት። ስልክ የላትም። በእኔ ቁጥር አካውንት ላስከፍትላትና ሽልማቱን ልውሰድ?»

እህቴ፣ በአንቺ ቁጥር አይሁን። ማረጋገጫ ኮዱም፣ የገቢና ወጪው መልእክትም የሚመጣው በተመዘገበው ስልክ ነው። አክስትሽ የባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ፍየል ሸጠው ብር ሲያስገቡ የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ እሳቸው አያውቁም። ነገ ብር ጎደለ ቢባል ዓይን ሁሉ አንቺ ላይ ነው። ፋይዳ መታወቂያቸውን አስይዘሽ ይዘሻቸው ሂጂ። ፎርሙ ሲሞላ እሳቸው ይጠየቁ፣ እሳቸው ይፈርሙ። ስልክ እስኪገዙ በደብተር ይጠቀሙ። ሽልማቱ ያመጣሻቸው አንቺ ስለሆንሽ አይቀርብሽም።

«አንድ ልጅ አካውንት ክፈት፣ ካርዱንና ሚስጥር ቁጥሩን ስጠኝ፣ ሽልማቱን እንካፈል አለኝ።»

ወንድሜ፣ ልጁ የፈለገው ስምህን ነው። የተጭበረበረ ብር በአካውንትህ አልፎ ሲወጣ ፖሊስ የሚያገኘው አንተን ነው። በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ ማስመሰልን ሕግ ይከለክላል። «አላወቅኩም ነበር» ብሎ ማስረዳት ደግሞ ቀላል አይደለም። ሰጥተህ ከሆነ ዛሬውኑ ቅርንጫፍ ሄደህ ካርዱን አሳግድ። ነገ አትበል።

«ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የምሠራው። የሠራተኞቹ ስምና ስልክ እጄ ላይ አለ። ለባንኩ ልስጥ?»

አትስጥ። ዝርዝሩ የተሰጠህ ለሥራ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰው ስልክ ያለ ፈቃዱ የሚሸጋገር ዕቃ አይደለም። የግብዣ ኮድህን፣ ማለትም ባንኩ ማን እንዳመጣቸው የሚያውቅበትን ቁጥር ንገራቸው፣ የፈለገ ራሱ ይሄዳል። «ዝርዝር አምጡ» የሚል ቅርንጫፍ ካለ ደግሞ በጣም ያሳዝነኛል። ሕጉን ቀድሞ ማወቅ የነበረበት እሱ ነው።

«ከወለድ ነጻ አካውንት ላይ ሽልማቱ ይፈቀዳል?»

አባ፣ ፈትዋ፣ ማለትም የሃይማኖት ብይን መስጠት የእኔ ሥራ አይደለም። ባንኩ የሸሪዓ አማካሪዎች ስላሉት «ይሄን ሽልማት አይታችሁታል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ሽልማቱ ሰው በማምጣትዎ የሚከፈል ነው ወይስ በተቀመጠው ብር ልክ የሚያድግ? ይሄንንም ለይተው ይጠይቁ። አብሽሩ፣ መጠየቅ መብትዎ ነው።

«የባንክ ሠራተኛ ነኝ። በራሱ ለመጣ ደንበኛ የእኔን ኮድ ባስገባስ?»

እሱ ማጭበርበር ነው። ሰውየው በእግሩ መጥቷል።

«ያመጣሁት ሰው ሌላ ሲያመጣ ለእኔም ይከፈለኛል የሚሉ አሉ።»

ሽልማቱ እንዲህ ከሰው ወደ ሰው እየተሰነሰለ የሚሄድ ከሆነ፣ በተለይ መግቢያ ክፈል ካሉህ፣ ራቅ። ቅርንጫፍ ገብተህ አጣራ።

«ሰው አመጣሁ፣ ሽልማቱን ከለከሉኝ።»

መጀመሪያ የጽሑፍ ደንቡን ጠይቂ። ብዙ ጊዜ አዲሱ ደንበኛ የተወሰነ ብር አስገብቶ የተወሰነ ጊዜ እንዲቆይ ይላል። ያን አሟልተሽ ከሆነ ለባንኩ ቅሬታ በጽሑፍ አስገቢ፤ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ያዢ። ካልመለሱልሽ ብሔራዊ ባንክ አለልሽ።