ቁም ሣጥን ውስጥ የቀሩ መጻሕፍት፦ ትምህርትን ለማዳረስ ለምትነሡ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

በትምህርት ሥራ ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፤ መጀመሪያ መምህር፣ ቀጥሎ ሱፐርቫይዘር፣ በኋላም በአዳጊ አገሮች የትምህርት ፕሮጀክቶችን የሚያቅድና የሚከታተል ባለሙያ ሆኜ አገልግያለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በዚህ ሙያ ለመሠማራት የምታስቡ ወጣቶች እየመጣችሁ «ከምን እንጀምር?» ትሉኛላችሁ። አብዛኞቻችሁ ስለ ገንዘብ ምንጭ፣ ስለ ፕሮጀክት አጻጻፍ ወይም ስለ ቴክኖሎጂ እንድነግራችሁ እንደምትጠብቁ ይገባኛል። የእኔ ምክር ግን ከዚህ ሁሉ የሚቀድም፣ ምናልባትም ለተማረ ሰው የሚያንስ የሚመስል ነው፤ ምንም ነገር ከማቀዳችሁ በፊት ከአንድ ልጅ ጎን ተቀምጣችሁ ሲያነብ አድምጡት።

ይህን የምለው ራሴ ዘግይቼ ስለ ደረስኩበት ነው። የእኔ ትውልድ ባለሙያ የሠለጠነው በቆጠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 በታይላንድ ጆምቲየን በተካሄደው ጉባኤ መንግሥታት «ትምህርት ለሁሉም» ብለው ቃል ሲገቡ፣ በ2000 ደግሞ በዳካር ተሰብስበው የጎደለውን እስከ 2015 ለማሟላት ሲስማሙ፣ ወደ እኛ የወረደው ጥያቄ ስንት ልጅ ተመዘገበ፣ ስንት ክፍል ተሠራ፣ ስንት መምህር ተቀጠረ የሚል ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነበር። ማላዊ በ1994፣ ኡጋንዳ በ1997፣ ኬንያ በ2003 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ክፍያን ሲያነሡ የሆነውን ያየ ሰው፣ ድሆች ለልጆቻቸው ትምህርት ደንታ የላቸውም የሚለውን ወሬ ዳግመኛ አይደግመውም። በማላዊ ሁለት ሚሊዮን የማይሞላው የተማሪ ቁጥር ብዙም ሳይቆይ ወደ ሦስት ሚሊዮን ተጠጋ። በኬንያ ኪማኒ ማሩጌ የተባሉ አዛውንት በ84 ዓመታቸው ዩኒፎርም ለብሰው አንደኛ ክፍል ገቡ። ያ ሁሉ ሕዝብ ከበር ውጭ የቆየው ክፍያው አላስገባ ብሎት ነው።

በሩ ሲከፈት ግን ክፍሉ አልሰፋም። በየቦታው አንድ መምህር መቶና ከዚያ በላይ ልጆች ፊት ቆመ፤ እኛም ምዝገባው ማደጉን የሚያሳየውን ሠንጠረዥ ይዘን ደስ አለን። የዓለም ባንክ በ2019 ባወጣው ግምት በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ከሚኖሩ የአሥር ዓመት ልጆች 53 በመቶ የሚሆኑት አንድ ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም ነበር። የኮቪድ ወረርሽኝ ትምህርት ቤቶችን ካዘጋ በኋላ፣ በ2022፣ ግምቱ ወደ 70 በመቶ ከፍ አለ። ዩኔስኮ በ2023 ከትምህርት ገበታ ውጭ ናቸው ያላቸው ልጆችና ወጣቶች 250 ሚሊዮን ያህል ናቸው፤ እነሱን መርሳት ነውር ነው። ሆኖም ከማያነቡት ልጆች አብዛኞቹ በየጠዋቱ ደብተር ይዘው ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱ መሆናቸው እኔን የበለጠ ያሳስበኛል።

ዓይኔን የገለጠችልኝ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ትምህርት ቤቱን የጎበኘሁት የመቀመጫ ዴስኮችን ርክክብ ለማረጋገጥ ነበር። የክፍሉ መምህር ኩራት እየተሰማው አንድ ልጅ አስነሣና አንብቢ አላት፤ እሷም ገጹን ከላይ እስከ ታች አንድም ቦታ ሳትደናቀፍ ተወጣችው። ጎበዝ ብዬ ልሄድ ስል፣ ምን እንደ ነካኝ እንጃ፣ ተመለስኩና ጣቴን ገጹ መካከል ያለ አንድ መስመር ላይ አድርጌ «ከዚህ ጀምሪልኝ» አልኳት። እንደገና ከመጀመሪያው መስመር ጀመረች። ጣቴን ወደ ሌላ መስመር ባዛውርም ያንኑ ደገመችልኝ። ገጹን በቃሏ ይዛዋለች፤ ፊደሎቹን ግን አንድ በአንድ ስጠይቃት ግማሾቹን እንኳ አትለያቸውም። የስም መቆጣጠሪያውን ሳገላብጥ ልጅቷ በአራት ዓመት ውስጥ ከጥቂት ቀናት በስተቀር ቀርታ አታውቅም፤ በየዓመቱም ተዛውራለች። በእኛ ሠንጠረዥ ይህች ልጅ ሙሉ ስኬት ነበረች።

መምህሩን ልወቅሰው አልፈልግም፤ በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አውቀዋለሁና። መምህር የሚጠየቀው መጽሐፉን በዓመቱ መጨረሻ መጨረሱንና አለመጨረሱን ነው። ስለዚህ ፊት ለፊት ከተቀመጡት ፈጣን ልጆች ጋር ይሮጣል፤ የቀሩት በጋራ መጮህን፣ ከሰሌዳ መገልበጥን፣ ዝም ማለትን ይለምዳሉ። ሁለተኛ ክፍል ላይ ፊደል ያልለየ ልጅ አራተኛ ክፍል ሲደርስ የሚጠብቀው ስለ ፊደል የሚናገር መምህር አይደለም። የሳይንስ ምንባብ ነው።

ለዚህ ችግር ካየኋቸው መፍትሔዎች ሁሉ ልቤን የሞላው ቀላሉ ነው። በ1995 በሕንድ ሙምባይ የተመሠረተው ፕራታም የተባለ ድርጅት ከ2005 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞችን በየገጠሩ እያሰማራ ልጆችን በየቤታቸው አስነበበ። መሣሪያቸው ፊደላት፣ ጥቂት ቃላት፣ አንድ አጭር አንቀጽና አንድ የሁለተኛ ክፍል ታሪክ የያዘ ወረቀት ነበር። ከአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች ግማሽ ያህሉ የሁለተኛ ክፍሉን ታሪክ ማንበብ እንደማይችሉ ሲታወቅ ክርክሩ ተለወጠ። ከዚያ በቀን አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ልጆችን በዕድሜና በክፍል መመደብ ትተው በሚችሉት ደረጃ አቧደኗቸው፤ ፊደል የሚለዩ ከፊደል ለዪዎች ጋር፣ ቃል አንባቢዎች ከቃል አንባቢዎች ጋር፣ ሁሉም ካለበት አንድ እርምጃ ወደ ፊት። ዘዴው በተደጋጋሚ ተፈትኖ ውጤት ስላስገኘ በኋላ ዛምቢያን ጨምሮ ወደ በርካታ የአፍሪካ አገሮች ተዛምቷል። ልብ በሉ፣ አዲስ ሕንፃ አልተሠራም፤ የተለወጠው ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥና መምህሩ ለዚያች ሰዓት መጽሐፉን የመጨረስ ግዴታ የተነሣለት መሆኑ ነው።

ይህ ለትንንሽ ድርጅቶች ብቻ የሚሆን ነው እንዳትሉኝ በብራዚል ሴያራ ግዛት ያለችውን ሶብራል ከተማ ላንሣላችሁ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ በተደረገ ምዘና ሁለተኛ ክፍልን ከጨረሱት ልጆቿ ግማሽ ያህሉ ማንበብ አይችሉም ነበር። ከተማዋ የመጀመሪያ ግቧን አንድ አደረገች፤ ሁሉም ልጅ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ማንበብ ይልመድ። ልጆቹን በየጊዜው የሚያስነብቡት ከትምህርት ቤቱ ውጭ የመጡ መዛኞች ነበሩ። በ2017 በአገሪቱ የትምህርት ጥራት መለኪያ ከአምስት ሺህ በላይ ከሚሆኑት የብራዚል ማዘጋጃ ቤቶች አንደኛ ወጣች፤ ሀብታም ከተማ ግን አልነበረችም።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። አንድ ጊዜ ለበርካታ ትምህርት ቤቶች የማንበቢያ መጻሕፍት የሚያከፋፍል ፕሮጀክት በኃላፊነት መርቻለሁ። መጻሕፍቱ ጥሩ ነበሩ፤ በልጆቹ የአፍ መፍቻ ቋንቋ የተጻፉ፣ በሥዕል የተደገፉ፣ በወቅቱ የደረሱ። ከዓመት በኋላ ለክትትል ስሄድ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ቁልፍ አውጥተው የብረት ቁም ሣጥን ከፈቱልኝ። መጻሕፍቱ እንደ ታሸጉ፣ ፕላስቲካቸው እንኳ ሳይቀደድ፣ በሥርዓት ተደርድረዋል። «አንድም አልጎደለም» አሉኝ፣ ምስጋና እየጠበቁ። ለምን ለልጆቹ አልተሰጡም ብዬ ስጠይቅ የርክክቡን ቅጽ አወጡና ሦስተኛውን ተራ ቁጥር በጣታቸው አሳዩኝ፤ ለጠፋ ወይም ለተጎዳ መጽሐፍ ርእሰ መምህሩ በግል ተጠያቂ ይሆናሉ ይላል። ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። በጥንቃቄ፣ የሕዝብ ንብረት እንዳይባክን ብዬ፣ ሌሊት አምሽቼ የጻፍኩት ነው። በቀጣዮቹ ትምህርት ቤቶችም ያገኘሁት ያንኑ ቁም ሣጥን ነው።

ቅጹን ለመለወጥ ከራሴ መሥሪያ ቤት ጋር የተከራከርኩት ክርክር መጻሕፍቱን ለማሳተም ከፈጀብኝ ጊዜ በልጧል። በመጨረሻ ከመቶ ሃያው በአገልግሎት ብዛት እንደሚያልቅ ተቆጥሮ ከሒሳብ እንዲወጣ ተፈቀደ። በዓመቱ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ መጻሕፍቱ ገጻቸው ተቀዳዶ፣ ጠርዛቸው ታጥፎ፣ አንዳንዶቹም ጭራሽ ጠፍተው መገኘታቸውን የሚገልጽ የቁጣ ደብዳቤ ጻፉልኝ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ደብዳቤ ያስደሰተኝ ወረቀት የለም።

መጽሐፉ ቢከፈትም ልጁ የማያውቀው ቋንቋ ከሆነ ያው ነው። በ1990ዎቹ በኬንያ ገጠር የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ማይክል ክሬመርና ባልደረቦቹ መማሪያ መጻሕፍት የታደሉባቸውን ትምህርት ቤቶች ካልታደሉት ጋር ሲያነጻጽሩ አማካይ ውጤቱ አልተሻሻለም፤ የተጠቀሙት ቀድሞም ጎበዝ የነበሩት ብቻ ናቸው። መጻሕፍቱ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ሲሆኑ፣ እንግሊዝኛ ደግሞ ለብዙዎቹ ልጆች ሦስተኛ ቋንቋቸው ነበር። ክሬመር ከአብሂጂት ባነርጂና ከኤስተር ዱፍሎ ጋር በ2019 የምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማትን ያገኙት በእንዲህ ያለ ትዕግሥት የተሞላ ሥራ ነው።

ገንዘብንም በዚሁ ዓይን እዩት። በኡጋንዳ ከ1991 እስከ 1995 መንግሥት ለትምህርት ቤቶች የመደበው የነፍስ ወከፍ ድጎማ በአማካይ 13 በመቶው ብቻ ነበር ትምህርት ቤት የደረሰው። የሚላከው መጠን በጋዜጣ መታተም፣ በየትምህርት ቤቱም መለጠፍ ከጀመረ በኋላ የሚደርሰው ድርሻ በብዙ እጥፍ አደገ። እናንተም የምትልኩት ነገር ምንም ይሁን ምን፣ መጋዘን በመግባቱ ሳትረኩ እስከ መጨረሻው ልጅ እጅ ድረስ ተከተሉት።

ከክፍሉ ውጭ ያለው እንቅፋት ብዙ ነው፤ ስለ ሁሉም ልጽፍ አልችልም። ለሴት ልጅ መንገዱ ራሱ ፈተና ነው፤ የሕንዷ ቢሃር ግዛት ከ2006 ጀምሮ ዘጠነኛ ክፍል ለሚገቡ ልጃገረዶች የብስክሌት መግዣ መስጠቷ ምዝገባቸውን በግልጽ ከፍ አድርጎታል። ስለ ኮምፒዩተር ለምትጠይቁኝ ደግሞ የፔሩን ላስታውሳችሁ፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ላፕቶፖች ለልጆች ታድለው፣ በኋላ በተደረገው ጥናት የሒሳብና የቋንቋ ውጤት ከፍ ብሎ አልተገኘም። ዕቃውን አልጠላም። ከመምህሩ ይልቅ ዕቃውን ማመን ግን ውድ ልማድ ነው።

ስለ መምህራን የምትሰሙትን በጥንቃቄ ስሙ። በ2002 እና በ2003 በስድስት አዳጊ አገሮች ሳይነገር በተደረጉ ጉብኝቶች ከአምስት መምህራን አንዱ ገደማ በሥራ ቦታው አልተገኘም፤ ይህ እውነት ነው። በሕንድ ኡዳይፑር በአንድ መምህር በሚያስተምሩ የገጠር ትምህርት ቤቶች መምህራኑ በየቀኑ ቀንና ሰዓት በሚመዘግብ ካሜራ ፎቶ እንዲነሡና ክፍያቸውም በተገኙባቸው ቀናት ብዛት እንዲሰላ ሲደረግ መቅረቱ ከ42 ወደ 21 በመቶ ወርዷል። ይህም እውነት ነው። እኔ ግን ባዶ ክፍል ባገኘሁ ቁጥር መምህሩ የት እንዳለ መጠየቅን ለመድኩ፤ ደመወዝ ሊቀበል ሩቅ ከተማ የሄደ አለ፣ ልጁ ታሞበት የቀረ አለ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ደግሞ እኛው ለሥልጠና ጠርተነው ከክፍሉ አውጥተነው አግኝቼዋለሁ።

እንግዲህ የመጀመሪያ ሥራችሁን ልንገራችሁ። በልጁ ቋንቋ አራት መስመር የሚሆን አጭር ታሪክ ጻፉ፤ ከየትኛውም መማሪያ መጽሐፍ አትገልብጡት፣ ልጁ በቃሉ ሊይዘው ይችላልና። በመምህሩ ፈቃድ ከክፍሉ ወጣ ብላችሁ፣ ሌሎች ልጆች በማይሰሙበት ቦታ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ፊት ለፊት ከተቀመጣችሁ ፈተና ይመስለዋል። የኋላ መቀመጫዎቹን አትዝለሏቸው፤ መምህሩ የሚመርጥላችሁን ብቻ ካስነበባችሁ የምትሰሙት እኔ መጀመሪያ የሰማሁትን ነው። ታሪኩ ካቃተው ወደ ቃላት፣ ቃላቱ ካቃቱት ወደ ፊደላት ውረዱ እንጂ በማይችለው ላይ አታቁሙት። አንድ ቃል ላይ ሲታገል ቃሉን ልታቀብሉት ምላሳችሁን ይበላችኋል። ጥቂት ታገሡ፤ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ከሆነ እየሠራ ነው። ዓይኑ ከወረቀቱ ተነሥቶ ፊታችሁን ማየት ከጀመረ ግን መልሱን ከእናንተ እየፈለገ ነውና የት ላይ እንደ ቆመ ማስታወሻችሁ ላይ ጻፉና ወደ ቀለለው ክፍል እለፉ። ሃያ ልጆች እስክታደምጡ ድረስ ስለ ዕቅድ አትነጋገሩ።